ግድግዳው፣ ታቦቱና ሰፈሩ

አንድ ነገር አካሉ ተለውጦም ያው ራሱ ነው የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴየስን መርከብ ለብዙ ዘመን ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎቹም ገሚሶቹ «ያችው ናት»፣ ገሚሶቹ «ሌላ ናት» እያሉ ተከራከሩባት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ክርክሩን አከበደው፦ የተነሣውን አሮጌ ሳንቃ አንድ ሰው ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጣጥመው፣ ከሁለቱ መርከቦች የቴሴየስ የምትባለው የትኛዋ ናት? ነገሩ በመርከብ ላይ ሲነሣ የትምህርት ቤት እንቆቅልሽ ይመስላል። በአሮጌ ከተማ መሐል ሲነሣ ግን መልሱ ማን በቤቱ እንደሚያድር፣ የማን ሱቅ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ግንብ እንደሚፈርስ ይወስናል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚጋጩ መልሶች ሰጡ። ጆን ረስኪን በ1849 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ሕንፃ መጽሐፉ፣ አሮጌ ሕንፃ በአሁኑ ትውልድ እጅ ያለ አደራ እንጂ ንብረቱ እንዳልሆነ አስተማረ፤ ከፊሉ የሠሩት ሙታን፣ ከፊሉ ደግሞ ገና የሚወለዱት ነው። እርጅናው ራሱ ክብሩ ስለ ሆነ «እናድሰው» ማለት ለረስኪን ማጥፋት ነበር። ፈረንሳዊው ቪዮሌ ለ ዱክ በአንጻሩ ማደስ ማለት ሕንፃውን ምናልባት ኖሮበት ወደማያውቀው ሙሉነት ማድረስ ነው አለ፤ በፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ላይም ይህንኑ ሠራ። በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. በእሳት የወደቀው የካቴድራሉ ሾጣጣ ጉልላት የመካከለኛው ዘመን ሥራ ሳይሆን የእርሱ ጭማሪ ነበር። ሕዝቡ ግን የጥንት አድርጎ ስለ ወደደው በዚያው መልክ ተሠርቶ ካቴድራሉ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ረስኪን ስለ አደራ የተናገረው እስከ ዛሬ ጸንቶ የሚቆም ሐሳብ ነው፤ አደራውን ሁሉ በድንጋዩ ላይ ማሳረፉ ግን ያጠያይቃል።

ሁለት ምሳሌዎች የድንጋዩን ሚዛን ያቀሉታል። በጃፓን የሚገኘው የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ይፈርሳል፤ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያው ልክ፣ በዚያው ዐይነት እንጨት ይሠራል። ሥርዓቱ የተጀመረው በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን 62ኛው የተፈጸመው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። አንድም ጥንታዊ እንጨት የለበትም፤ ሆኖም የአናጢነቱ ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ የወረደበት ከዚህ የበለጠ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የፖላንዷ ዋርሶ ደግሞ በናዚዎች እጅ ከታሪካዊ መሐሏ ከ85 በመቶ በላይ ወድሞ ነበር። ነዋሪዎቿ ከጦርነቱ በኋላ የቤርናርዶ ቤሎቶን የ18ኛ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ሳይቀር እያዩ አሮጌዋን ከተማ መልሰው ሠሯት፤ ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ግድግዳዎቿ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ናቸው። የተመዘገበው የከተማዋ ሰዎች ቤታቸውን ለመመለስ ያሳዩት ቁርጠኝነት ጭምር ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ የቆየና የጠራ መልስ አላት ማለት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያኑን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ግድግዳው አይደለም፤ በመቅደሱ ውስጥ ያለው፣ በጳጳስ እጅ ሜሮን ተቀብቶ የከበረው ታቦት ነው። ሕንፃው ሲያረጅ ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ ወጥቶ ወደ መቃኞ ይገባል፤ ቅዳሴው እዚያ ይቀጥላል፤ አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ታቦቱ ይመለሳል። በመከራ ዘመንም ካህናት ታቦታትንና ንዋያተ ቅድሳትን ይዘው ወደ ጣናና ወደ ዝዋይ ደሴቶች እንደ ሸሹ ትውፊቱ ያወሳል። የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ወድማ በ17ኛው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደገና ስትሠራ፣ ምእመኑ «ይህች ያቺ ናት ወይ?» ብሎ አልተጨነቀም። ታቦቱ ካለ ያችው ናት።

ይህ እምነት ብዙ ጥፋት ያሳለፈ ትልቅ ኃይል ነው፤ ዋጋም አስከፍሏል። ቅድስናው በግድግዳው ካልሆነ ግድግዳውን ማፍረስ ቀላል ይሆናል። በሰሜኑና በመሐሉ የሀገሪቱ ክፍል የነበሩ ብዙ ክብ የሣር ክዳን አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ ክዳናቸው ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ፤ ቀጥሎ ሕንፃቸው ፈርሶ በቦታው የብሎኬትና የሲሚንቶ ካቴድራል ቆመ። አሠሪ ኮሚቴው ያደረገው በቅንነት ነው፤ ለእግዚአብሔር ቤት ከሁሉ የተሻለውን መስጠት። የጠፋው ነገር ግን ሲጠጉት ይታያል። የመቅደሱ ሥዕል የሚሣለው በሸማ ላይ ነው፤ ሸማው በጭቃው ምርግ ላይ ይለጠፋል። ግድግዳው ያለ ጥንቃቄ ሲፈርስ ሸማው ይቀደዳል፤ ቢተርፍም ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ጥግ ይቀመጥና ምስጥና እርጥበት ይጨርሱታል። ታቦቱ በአዲሱ መንበር በክብር ያርፋል፤ የሥዕሉ ሊቅ እጅ፣ የለጋሹ ባላባት ከቅዱሱ እግር ሥር ተንበርክኮ የተሣለበት ምስል፣ ለዘመናት ዕጣን ያጨሰው ቀለም ግን ዳግመኛ አይመጣም። እምነቱ ስለ ቅድስና የሚለው ትክክል ነው፤ ስለ ትዝታ ግን ዝም ይላል። ትዝታ ካህን ተሸክሞ የሚያወጣው ታቦት የለውም፤ ለዚህ ነው ግድግዳ የሚያስፈልገው።

ይህንን ሚዛን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መሐል መግባት ይቻላል። የዛሬው ፒያሳ የጥንቱ አራዳ ነው፤ ገበያው የቆመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ የታነጸው ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥርዓተ ንግሥ ተፈጽሞበታል፤ በፈረስ ላይ የተቀመጡት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም በዚያው ሰሞን ተመረቀ። በዙሪያው የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የአገሬው ግንበኞች የሠሯቸው ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶች ቆሙ። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ሐውልቱን ነቅለው ቀበሩት፤ ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወሩት፤ አራዳንም ፒያሳ አሉት። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወጥቶ ተተከለ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ፤ የከተማው ሰው በቡና ቤቱ፣ በሲኒማው፣ በወርቅ ቤቱ የራሱ አደረገው። ወራሪ የሠራው ግንብ ይጠበቅ ወይስ ይፍረስ ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፦ ሕንፃ የሚገዛው ሠሪው ሳይሆን የኖረበት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ጸጥ ያለ፣ ግን ጥልቅ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አሮጌዎቹን ቤቶች በአብዛኛው ወደ ቀበሌ ቤትነት ቀየራቸው። ኪራዩ እጅግ አነስተኛ ሆነ፤ ስለዚህ ደሃው በከተማው መሐል መኖር ቻለ። በዚያው ምክንያት የሚጠግን ባለቤት ጠፋ። የጭቃ ቤት በየጊዜው ካልተመረገና ውሃ ልኩ ካልተጠበቀ ከሥሩ ይበላል፤ ቆርቆሮው ሲዝግ ዝናቡ በጣሪያው ገብቶ ግድግዳውን ከላይ ያርሰዋል። ተከራዩ የሚጠግነው የራሱ አይደለም፤ አከራዩ ከኪራዩ የሚጠግንበት ገንዘብ አያገኝም። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ከቆየ በኋላ «ጎስቋላ ሰፈር» ተብሎ ሲፈረጅ ቤቶቹ በተፈጥሯቸው ደካማ የነበሩ ያስመስላል። አላግባብ ነው፤ ያጎሳቆላቸው የባለቤትነቱ ሥርዓት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ እምብርት ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በአካባቢው ያሉ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ክርክሩ ወዲያው በሁለት ጎራ ተሰለፈ፤ አንዱ ስለ ጠፋው ትዝታ፣ ሌላው ስለሚገኘው ንጽሕና። የሁለተኛው ጎራ ቃል ቀሎ መታየት የለበትም። አንድ መጸዳጃ ለብዙ ቤተሰብ፣ በክረምት አልጋ እየገፉ ከፍሳሽ መሸሽ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ልጅ ማሳደግ ቅርስ አይደለም። አሮጌው ቤት ይቆይ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ውሃ በሚገባለት አፓርታማ የሚኖር ነው፤ የሌላውን ሰው መከራ እንደ ትዝታ ማስቀመጥ በሥነ ምግባር አይቆምም። ረስኪን ለሙታንና ለሚወለዱት የሰጠው ድርሻ ዛሬ በቤቱ ውስጥ የሚያስለውን ሕፃን ሊያስረሳ አይገባም።

ነገር ግን ከቤቱ ጋር የሚፈርሰው ግድግዳው ብቻ አይደለም። እድር የሚሠራው ሰው በእግሩ ከሚደርስበት ቦታ ነው፤ ለቅሶ ሲነገር ድንኳኑን የሚተክለው፣ ወንበሩን የሚያወጣው፣ ወጡን የሚሠራው ጎረቤት ነው። ጎረቤት አንድ ላይ ከሰፈረ እድሩ ሊተርፍ ይችላል፤ ከተበተነ መዝገቡ ይቀራል እንጂ አገልግሎቱ ያበቃል። ጥምቀትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በከተራ ከመሐል ከተማው አድባራት ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ከፊት ከፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉ የየሰፈሩ ወጣቶች ናቸው፤ ከኋላ ጠቅልለው ይሮጣሉ፣ ከፊት ዘርግተው ይጠብቃሉ፣ ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ሰፈሩ ሲነሣ ታቦቱ በዚያው ጎዳና ያልፋል፤ ጎዳናውም ሰፊና ንጹሕ ይሆናል፤ ምንጣፉን የሚያነጥፉት ልጆች ግን በታክሲ ከሩቅ መምጣት አለባቸው፤ የዛሬዎቹ ይመጡ ይሆናል፤ በሌላ ሰፈር ያደጉ ልጆቻቸው ለዚያ ደብር ምን ያህል ይቀርባሉ?

የንግዱም ነገር ከዚህ አይርቅም። አሜሪካዊቷ ጄን ጄከብስ በ1961 እ.ኤ.አ. በታተመው ስለ ከተሞች ሞትና ሕይወት በጻፈችው መጽሐፍ፣ አዲስ የሥራ ሐሳብ የሚበቅለው ኪራዩ በማይከብድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው ብላ አስረድታለች። አዲስ ሕንፃ ወጪውን ለመመለስ ውድ ኪራይ ይጠይቃል፤ ያንን የሚችሉት ባንክና ትልልቅ ነጋዴዎች ናቸው። ጫማ ጠጋኙ፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አይችሉትም። የከተማ መሐል ተነቃቃ ሲባል የተነቃቃው የመሬቱ ዋጋ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው። በኒው ዮርክ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፔንስልቬንያ ባቡር ጣቢያ ሲፈርስ የተነሣው ቁጣ በ1965 የከተማዋን የቅርስ ሕግ አስወለደ፤ ሕጉ ብዙ ውብ ሕንፃ አዳነ፤ የተከራይን ኪራይ ግን የሚነካ ሕግ አይደለም። የፊት ገጹ እንዳለ ቆሞ ነዋሪው የተለወጠ ሰፈር ታቦት እንዳልገባበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕንፃው ሙሉ፣ አገልግሎቱ ጎዶሎ።

በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓኗ ናራ የተስማሙት ባለሙያዎች የቅርስ እውነተኛነት በአንድ ሚዛን ብቻ አይለካም፣ እያንዳንዱ ባህል በራሱ መመዘኛ ይመዝነው ሲሉ ለኢሴም ለዋርሶም በር ከፍተዋል። ኢትዮጵያም በዚሁ በር የራሷን ሚዛን ይዛ መግባት ትችላለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ቅርስን የማጥናትና የመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ለሕንፃና ለንዋይ መጠለያ ሰጥቷል። በአሠራር ግን የሚዳሰሰው በአንድ መዝገብ፣ የማይዳሰሰው በሌላ ይያዛል፤ በመካከላቸው የሚወድቀው ደግሞ ሰፈር ነው፤ ብቻውን ሲታይ ለመዝገብ የማይበቃ ተራ ቤት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ግን መቶ ዓመት የሠራው የአኗኗር ሥርዓት።

ሐረር የሚዳሰሰውና የማይዳሰሰው ቅርስ ሳይለያዩ የቆዩባት ከተማ ናት። የጀጎል ግንብ ከነአምስት በሮቹና ከ82 መስጊዶቹ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከረመዳን በኋላ የሚከበረው የሹዋል ኢድ በዓል ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሰው መዝገብ ገባ። በዓሉ የሚደረገው በከተማዋ አዋቾች (የወሊዮች መታሰቢያ ሥፍራዎች) ዘንድ ነው፤ ቤቱም እንዲሁ ከሰዉ አይለይም፤ የሐረሪ ቤት ነደባዎች (ከፍና ዝቅ ያሉት መደቦች)፣ ባለቤቱ የሚቀመጥበትና እንግዳው የሚቀመጥበት ደረጃ፣ በግድግዳው የተደረደረው ስፌት ትርጉም የሚኖራቸው ቤተሰብ በውስጡ ሲኖር ነው። ቤታቸው የራሳቸው ሆኖ የቀረላቸው የሐረር ሰዎች የጠገኑት ራሳቸው ናቸው፤ በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ያልነበረው ይኸው ነው። ስለዚህ ለመሐል ከተማ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛው ግንብ ያምራል የሚለው መሆን አይችልም። ቤቱ በማን ስም እንደሚሆን፣ የመጠገኛው ብድር ለማን እንደሚደርስ፣ ሥራው እስኪያልቅ ነዋሪው የሚቆይበት መቃኞ የት እንደሚሆንና መቼ እንደሚመለስ ከመፍረሱ በፊት በጽሑፍ መመለስ አለበት።