ቤት ለምታስተምሩ፦ ወንፈል ግቡ

ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላት ክፍልፋይን ጨርሳ፣ የአሜሪካን ታሪክ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ድረስ አንብባ፣ ፊደሉን ከነዲቃላዎቹ ለይታ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለችው አፓርታማችን፣ በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔና እናቷ እየተፈራረቅን ያስተማርናት ልጅ ናት። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ጠዋቱ የእኔ ነው፤ ከሰዓቱ የእናቷ። እንኮራባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዘመድ ቤት ሄድን። ስለ ዳይኖሰር የሆነ ነገር ስታወራ አንድ እኩያዋ «አይደለም፣ ተሳስተሻል» አላት። ልጄ አለቀሰች። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ልክ የነበረው እሱ ነው። ነገሩ የገባኝ መኪና ውስጥ ስንመለስ ነው። ከእኔና ከእናቷ በቀር «ተሳስተሻል» ያላት ሰው የለም። መከራከርን አታውቅም፣ መረታትን አታውቅም፣ የረታትን ልጅ መልሳ ማጫወትንም አታውቅም። ይህን ደግሞ እኔ ከየትኛውም መጽሐፍ ላስተምራት አልችልም።

ልጆቻችሁን በቤታችሁ የምታስተምሩ ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ቤት ማስተማራችሁን ልነቅፍ አይደለም። ምክንያታችሁን አውቀዋለሁ፤ አንዳችሁን ሃይማኖት፣ አንዳችሁን የሥራ ሰዓት፣ ሌላችሁን በክፍል ጓደኞቹ የተሰቃየ ልጅ፣ ብዙዎቻችሁን ደግሞ የ2020ው ኮሮና ወደዚህ አመጣችሁ። ቤት አስተምሩ። ብቻችሁን ግን አታስተምሩ።

አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን የጋራ ትምህርት ኮ-ኦፕ ይሉታል። የተወሰኑ ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፣ ወላጆቹ የሚችሉትን ትምህርት ተከፋፍለው የሁሉንም ልጆች ያስተምራሉ። ቃሉ እንግዳ ቢሆን ነገሩ የእኛው ነው፤ ወንፈል ነው። ደቦ አላልኩም። ደቦ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ ሰው ጠርቶ የሚያሠራው ነው፤ የመጣው በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ወንፈል ግን ተራ አለው። ዛሬ የእኔን ማሳ ታርሙልኛላችሁ፣ ነገ የእሱን፣ ከነገ ወዲያ የእሷን፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል፤ ያልመለሰ በሚቀጥለው ክረምት የሚያርምለት የለም። የጋራ ክፍል የሚቆመው በወንፈል ደንብ ብቻ ነው። በደቦ ደንብ የጀመረ ሲፈርስ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ቡድናችን እንዲያ ነው የፈረሰው። ሰባት ቤተሰብ ሆነን ጀመርን። ሁለቱ ልጆቻቸውን በር ላይ አውርደው ይሄዱና ማታ ይወስዱ ነበር። የአራት ሰዓቱ ትምህርት አምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይጀመራል፤ የሐበሻ ቀጠሮ እያልን ስቀን አሳለፍነው፣ የሚስቅ ነገር አልነበረም። ከሁሉ የባሰው ምግቡ ነው። መጀመሪያ ዳቦ መጣ፣ ቀጥሎ ሽሮ፣ በሦስተኛው ሳምንት ዶሮ ወጥ፤ ያላመጣችዋ እናት ማፈር ጀመረች፣ ማይክሮስኮፑ ሊቀመጥበት የነበረው ጠረጴዛ በመሶብ ተያዘ። የገና በዓል ሳይደርስ ተበተንን። በዓመቱ በአምስት ቤተሰብ ደግመን ስንነሳ ግማሽ ገጽ ውል ጻፍን፦ የሚያስተምር ያስተምራል፣ የማያስተምር ያግዛል፣ አውርዶ የሚሄድ የለም፤ በሰዓቱ በሩ ይዘጋል፤ ምግብ ፍራፍሬና ውኃ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት አሥር ደቂቃ ዘግይታ በሩ ተዘጋባት። ተቀየመችን፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከሁላችን ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

ምን ይማሩ? በጋራው ቀን ሒሳብ አታስገቡ። ሒሳብና ንባብ ልጁ በራሱ እርምጃ የሚሄድባቸው ናቸው፤ የቤት ትምህርት የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው። ለጋራው ቀን አንድ ቤት ብቻውን የማይወጣውን አቆዩ።

ከመካከላችን አንዲቱ ነርስ ናት። ከሥጋ ቤት የበግ ልብ ገዝታ መጣች። ጾም ነበርና አንዲት እናት ደነገጠች፤ የሚበላ እንዳልሆነ ሲነገራት ተመልሳ ተቀመጠች። ልጆቹ ጓንት አጥልቀው ልቡን ከፈቱት፣ አራቱን ክፍሎች በጣታቸው ፈለጉ። የግራው ግድግዳ ከቀኙ ለምን እንደሚወፍር ሲጠየቁ ተጨቃጨቁ፤ አንዱ «የግራው ስለሚበላ ነው» አለ፣ ሌላዋ ሳቀችበት፣ በመጨረሻ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቀኙ ደሙን ወደ ቅርቡ ሳንባ ሲልክ ግራው ወደ መላው ሰውነት ስለሚገፋው እንደሆነ ደረሰበት። ልጄ እዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተረታች። አላለቀሰችም።

ታክሲ የሚነዳው አባት «እኔ ምን አውቄ አስተምራለሁ?» ብሎ ነበር። ከተማዋን አስተምር አልነው። ዋሽንግተንን በ1791 የነደፋት ፈረንሳዊው ላንፋን መሆኑን፣ አራቱ የከተማዋ ክፍሎች ከካፒቶል እንደሚጀምሩ፣ በቁጥርና በፊደል የተሰየሙት ጎዳናዎች እንዴት እንደሚነበቡ በካርታ አሳያቸው፤ ከዚያ ጄ የሚባለውን ጎዳና ፈልጉ አላቸው። ግማሽ ሰዓት ፈለጉ። የለም። ለምን እንደሌለ ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ ሆነ። ያ ሰው አሁን ከሁላችን የተወደደ መምህር ነው። ኤሌክትሪሻን ካላችሁ ባትሪና አምፖል ይዞ ይምጣ። አያት ካለች ደግሞ ተረት ትንገር፤ በእንግሊዝኛ እንዳትሞክር ብቻ፣ ልጆቹ አማርኛውን ለመስማት ጆሯቸውን ያቁሙ።

ዕድሜ እንዳይለያያቸው ስጋት ያላችሁ የቄስ ትምህርት ቤትን አስታውሱ። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ንባብ ይወጣል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደረሰው ፊደል ቆጣሪውን ያስይዘዋል፣ ሲያስይዝም የራሱ ይጠናል። ከፍ ያለው ትምህርት የሚሰጥበትን ቤት አባቶቻችን ጉባኤ ቤት ማለታቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ጉባኤ መሰብሰብ ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ዱር ገብቶ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን ግን በመምህሩ ፊት ጓደኞቹ እየሰሙ ይነግራል፤ እርማቱም በዚያው ጉባኤ ነው። ብቻን መቁጠር አለ፣ በጉባኤ መታረምም አለ። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጣልን።

ሕጉ ያስፈራል የምትሉ አላችሁ። ቤት ማስተማር ከ1993 ጀምሮ በሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ደንቡ ግን ይለያያል። (ጀርመን ያላችሁ ዘመዶች፣ እዚያ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ስለሆነ ይህን ለሰንበትና ለዕረፍት ቀን ውሰዱት።) ቨርጂኒያ ላይ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማስታወቂያ ያስገባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 የልጁን መሻሻል በፈተና ወይም ብቃት ባለው ሰው ግምገማ ያሳያል። ፈተና የመረጠ ከዘጠኙ እርከን ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት አለበት። ሜሪላንድ የልጁን ሥራ ፖርትፎሊዮ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ትመረምራለች፤ የምትጠይቃቸው ስምንት ትምህርቶች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ናቸው። የመጨረሻዎቹን አራቱን ተመልከቱ። በሁለት መኝታ አፓርታማ፣ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እየደበደበ፣ ስፖርትና ሙዚቃ እንዴት ለብቻ ይሠራል? አንድ ላይ ግን መናፈሻ ይበቃል።

ቦታ አትቸገሩም። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለትርፍ ላልቆመ ቡድን የስብሰባ ክፍል በነፃ ይሰጣሉ፤ ቀድሞ ማስመዝገብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ደግሞ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ዋሽንግተን ውስጥ መግቢያቸው በነፃ ነው፤ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየሙም አንዱ ነው። የአሜሪካኖቹ ኮ-ኦፕ ውስጥ መግባት የምትፈልጉም ግቡ፣ ልጆቻችን ከሐበሻ ውጭ ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል። ብቻ ብዙዎቹ የእምነት መግለጫ ያስፈርማሉና ሳታነቡ አትፈርሙ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም የማይስማማበት አንቀጽ ሊኖር ይችላል። የራሳችሁን ስታቋቁሙ ደግሞ እናንተም በር አታጥብቡ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። «የእኛው ሰው ነው» የሚል ቃል ልጅን አይጠብቅም። ማንም ይሁን ማን፣ አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር፣ የክፍሉ በር ክፍት ይሁን። ይህን ደንብ በመጀመሪያው ቀን ስታወጡት ማንም አይከፋም፤ በሦስተኛው ወር ስታወጡት ግን በአንድ ሰው ላይ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አውጡት።

ብዙ ቤተሰብ አትፈልጉ። ሁለት ቤት ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ሰፊ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ «እኛም ቤት ነው የምናስተምረው» ያለቻችሁን እናት አስታውሱ፣ ስልኳን ይዛችሁ ያልደወላችሁላትን። የቨርጂኒያው ማስታወቂያ እስከ ኦገስት 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ደውሉላት።