የአንድ ሳምንት ደስታ ምን ይጠቅማል?

ይድን አይድን ለማይታወቅ ሕፃን ከመድኃኒት በቀር ጨዋታ ምን ያደርግለታል ብለህ ታውቃለህ? ገንዘብ ውስን ነውና፣ ለጨዋታ የሚወጣው ለመድኃኒት ቢውል ይሻላል የሚል ሰው ክፉ ነው ሊባል አይችልም።

ለዚህ ጥያቄ በገዛ ገንዘቧ መልስ የሰጠች አንዲት አሜሪካዊት አለች። አንድሪያ ጄገር ትባላለች። ቴኒስን መተዳደሪያዋ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1980 ገና በ14 ዓመቷ ሲሆን፣ በ16 ዓመቷ ከዓለም ሴት ተጫዋቾች 2ኛ ሆነች። በ1983 በእንግሊዝ አገር በዊምብልደን ለፍጻሜ ደርሳ በማርቲና ናቭራቲሎቫ ተሸነፈች። ብዙም ሳይቆይ ትከሻዋ ተጎዳ፤ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናም ወደ ሜዳው አልመለሳት። በጨዋታ ያገኘችውን ገንዘብ አውጥታ በ1990 በኮሎራዶ ግዛት፣ አስፐን በተባለች ተራራማ ከተማ፣ በካንሰር የታመሙ ልጆችን የሚረዳ ድርጅት መሠረተች። ልጆቹ እዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ፈረስ ይጋልቡ፣ በጀልባ ወንዝ ይወርዱ፣ እንደ እነርሱ ከታመሙ እኩዮቻቸው ጋር ይስቁ ነበር። (በ2006 በክርስትና እምነቷ መነኩሲት ሆነች። እምነታችን ቢለያይም ሥራዋን ከመመልከት አያግደንም።)

«ትከሻዋ ባይጎዳ ኖሮ ይህን ታደርግ ነበር?» የሚል ይኖራል። ላታደርገው ትችል ነበር። ግን በር የተዘጋበት ሁሉ ወደ ታመመ ልጅ አይሄድም፤ ገንዘቡን ይዞ መቀመጥም ይቻላል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ለአዋቂ ሰው 3 ዓመት እንደምንም ያልፋል። ለ6 ዓመት ልጅ ግን የዕድሜው እኩሌታ ነው። በመርፌ፣ በትውከትና በፀጉር መርገፍ የሚያልፈው ይህ ጊዜ ልጅነቱ ራሱ ነው፤ አላህ ብሎለት ቢድን እንኳ ተመልሶ አያገኘውም። ጨዋታ ከመድኃኒት ይበልጣል አልልም፤ መድኃኒት በሌለበት ቅድሚያው ለመድኃኒት ነው። ነገር ግን መድኃኒት ያገኘ ልጅ ሁሉን አግኝቷል ማለት ስሕተት ነው።

እስቲ የእኛን አጠያየቅ ተመልከት። የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን እናውቃለን፤ ብርቱካንም ይዘን እንሄዳለን። አልጋው ዳር ተቀምጠን ግን እናቱን፣ «ሐኪሙ ምን አለ? ምነው እንዲህ ከሳ?» እንላታለን። ልጁ ይሰማል። ዱዓ አድርገን እንወጣለን። ሐኪሙ ከፈቀደ እኩያውን ይዘንለት ብንሄድ ምን ነበረበት? ልጁ እኮ ስለ ኳሱ፣ ስለ ክፍሉ ልጆች የሚያወራው ሰው ይፈልጋል፤ ጓደኞቹ ለምን እንደቀሩበትም የነገረው የለም።