መርዝ ወይስ ቅርጽ?

በነቀምቴ ባኬ ጃማ፣ ክረምት ሲገባ፣ የጓሮ ጎደሬ ቅጠል የዝናቡን ጠብታ ተቀብሎ ሳይርስ ያንከባልለዋል። ቅጠሉ የሚያባርረው በመርዝ አይደለም፤ ዓይን የማያየው ጉብጉብታውና የሰም ልባሱ ለጠብታው መያዣ ይነሡታል እንጂ።

የወለጋን ቡና ባሕር የሚያሻግረው መርከብ ግን ለረጅም ዘመን የተጠበቀው በሌላ መንገድ ነው። አልጌና ቅርፊት ለባሽ እንስሳት በሆዱ ላይ ሲጣበቁ ጉዞው ይከብዳል፤ ነዳጅ ይባክናል። መፍትሔ የተባለው የቆርቆሮ ውሁድ ያለበት ቀለም ከመርከቡ ያልደረሰውንም ፍጡር ጎዳ፤ ሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች የወንድ አካል አበቀሉ። የእገዳው ስምምነት በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ።

ለመሆኑ ራስን መጠበቅ ሌላውን መግደል ነውን? የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው አንቶኒ ብሬናን የሻርክን ቆዳ አርአያ አድርጎ፣ ስፋታቸው የሚሊሜትር ሁለት ሺኛ ያህል የሆነ ሸንተረሮች በልባስ ላይ ቀረጸ፤ በቤተ ሙከራ የሚያርፈው የአልጌ ዘር በ85 በመቶ ቀነሰ። ይሁን እንጂ ለአልጌ የተለካው ሸንተረር ለትልልቆቹ ተጣባቂዎች አይበጅም። ቅርጽ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል፤ መርዝ ግን ማንነትን አይጠይቅም፤ የሚወደደውም ምናልባት ለዚሁ ነው። ዛሬም አብዛኞቹ መርከቦች የሚቀቡት መዳብ ያለበትን ገዳይ ቀለም ነው።