ተከታይ ያለው ሰው ዕዳ አለበት

ልጄ፣ «ውሻዬ ቦቢ ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ጓሮ እየተከተለ እግሬ ሥር ይገባብኛል፤ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በሩ ላይ ተጋድሞ ይጠብቀኛል፤ ምን ፈልጎ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሰው ሁሉ የሚመልስልሽ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ብሎ ነው። ተረቱ አልዋሸም፤ የነገረሽ ግን ግማሹን ብቻ ነው። እዚህ ባሌ ሮቤ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚውሉት ውሾች አጥንት የሚጥልላቸውን ሰው አሳምረው ያውቁታል። ማታ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን አይከተሉትም። ቦቢ ጠግቦም ይከተልሻል። ነገሩ ከሆድ ያልፋል ማለት ነው።

ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 15,000 ዓመት ሆኖታል፤ በሬ ሳይጠመድ፣ ስንዴ ሳይዘራ በፊት። የመጣው ከተኩላ ዘር ነው። ተኩላ ደግሞ ከወገኖቹ ጋር ያድናል፣ ከወገኖቹ ጋር ያድራል። ቦቢም ይህ ከደሙ አልወጣም፤ ወገኖቼ ያላችሁ ግን እናንተን ነው። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ውሾችን ከማያውቁት ክፍል አስገብተው ባለቤታቸው ሲወጣና ሲመለስ ምን እንደሚያደርጉ ተመለከቱ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ሳለ ክፍሉን እየዞሩ ያሸታሉ፣ ይጫወታሉ፤ ሲወጣ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ሲመለስ ሮጠው ይቀበሉታል። ትናንሽ ልጆች ከእናታቸው ጋር የሚያሳዩት ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን በሁለቱም ሰውነት ከፍ እንደሚል አሳዩ። እናት ልጇን ስታጠባ የሚመነጨው ያው ሆርሞን ነው። በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ቦቢ ቁጭ ብሎ ፊትሽን ሲያይ ዝም ብሎ ማፍጠጥ አይምሰልሽ።

መጠበቁንም እንዲሁ እዪው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ዘግይቶ ለሚፎክር ሰው እንጠቅሰዋለን፤ ለሰው ልክ ነው፤ ለውሻው ግን ፍርደ ገምድል ነው። ማታ በረንዳ ላይ ስትቀመጪ የቦቢን ጆሮ ተመልከቺ። ከገብሱ ማሳ ማዶ ጅብ ሲጮኽ መጀመሪያ ጆሮው ይቆማል፣ ቀጥሎ የማጅራቱ ፀጉር። ከዚያ ከጉሮሮው ያጉረመርማል፤ ዞር ብሎም የቤቱን በር ያያል። አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን ጅብ እንደማይችል ያውቃል። የሚጮኸው አንቺን ለመቀስቀስ ነው። እዚሁ ባሌ በዌብ ሸለቆ ያሉ እረኞች ውሻ የሚያሳድሩትም ለዚሁ ነው፤ ውሻው ነብርንና ጅብን ይጥላል ብለው ሳይሆን ሰው እንዲነቃ።

በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ውሻ ቤት ውስጥ ሲገባ ብዙ ደስ አይለውም፤ የውሻ ቦታው ደጅ ነው ይላል። ይህ ውሻን መናቅ እንዳይመስልሽ። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ሄዷል። በቁርኣንም በሱረቱል ካህፍ፣ በዋሻ የተኙት ወጣቶች ውሻ እግሮቹን ዘርግቶ ከደጃፋቸው ነበር። በእነዚህ ታሪኮች ውሻ የተነሣው አንዱ ሲከተል፣ አንዱ ሲጠብቅ ነው። ቦቢ ሳሎን መግባቱን አልከለክልሽም፤ ቤቱ የአንቺ ነው።

የምመክርሽ ሌላ ነው። ከጓደኞችሽ ጋር ሳነቲ ልትወጪ እንደሆነና ቦቢንም ይዘሽ ለመሄድ እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ። አትውሰጂው፣ ልጄ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎባ በላይ መንገዱ ጥዱንና ኮሶውን እያለፈ ይወጣና ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳነቲ ሜዳ ላይ ያደርስሻል። የቱሉ ዲምቱ ተራራም እዚያው ነው፤ ከፍታው 4,377 ሜትር። በዚያ ብርድ ውስጥ ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ሁሉም ተደምሮ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው እኛ ባሌ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ያን ቀይ ቀበሮ በጅምላ ሲፈጀው የኖረው ግን የጥይት ብዛት አይደለም። ከሰው ቤት በወጣ ውሻ የመጣ በሽታ ነው።

በ1984 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ገብቶ ተመራማሪዎች በየቀኑ የሚያዩዋቸውን የቀበሮ መንጎች ክፉኛ አመናመነ። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዌብ ሸለቆ እንደገና ተነሣ፤ በዚያ አካባቢ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። የቀሩትን ለማዳን ባለሙያዎች ቀበሮዎቹን እየያዙ በመርፌ ከተቡ። ከዚያ በኋላም ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሾች በሽታ እየተመላለሰ ጎዳቸው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በቤተሰብ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ተገናኝተው አፍ ለአፍ እየተላላሱ ሰላም ይባባላሉ፣ ቡችላውን ሁሉም ያሳድገዋል። አንዱ ታመመ ማለት ቤቱ ታመመ ማለት ነው።

ውሻውስ ምን ወሰደው እዚያ? መከተሉ! የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ከብት ወደ ደጋው ግጦሽና ወደ ሆራው ሲነዳ ቤተሰቡ ይወጣል፤ ቤተሰቡ ሲወጣ ውሻው ይከተላል። ማንም ና አላለው፣ ማንም አልመገበው፣ ማንም አላስከተበው። ሲርበው ጥንብና ቆሻሻ ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ይዞራል፤ እዚያ ከቀበሮው ጋር ይገናኛል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ እዚህ ግን ቀዳዳውን የከፈተው ውሻው አይደለም። ባለቤቱ ነው። ሲወደድ ደስ ብሎት ስለ ወዳጁ ጤና ያልጠየቀ ሰው ነው። ይህን የምለው እረኛውን ለመውቀስ አይደለም፤ የክትባት ሐኪም ደጃፉ ድረስ የሚመጣለት ስንት ጊዜ ነው? የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1995 ከተቋቋመ ወዲህ በየመንደሩ እየዞረ የእረኞቹን ውሾች ሲከትብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህም ለቀበሮዎቹ በፍየል ሥጋ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ሮቤና ጎባ ከተማ ተቀምጠን መድኃኒት ቤትና የእንስሳት ክሊኒክ አጠገባችን ያለን እኛ ግን ምን ሰበብ አለን?

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። ቦቢን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂውና አስከትቢው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። አንድ ሰፈር ውስጥ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፊያ ያጣል ይላሉ የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች፤ እንግዲህ ጎረቤቶችሽንም ቀስቅሺ፤ አንቺ ብቻሽን ብታስከትቢ ሰፈሩ አይድንም። የማታሳድጉትን ቡችላ አታስወልዱ። ወልዳ ሜዳ ላይ የተጣለች እናት ውሻ ዛሬ ታሳዝናለች፣ ነገ ልጆቿ መንገድ ላይ መንጋ ሆነው ይጠብቋችኋል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቦቢን በየቀኑ ስለምታዪው ጠባዩን ከሐኪም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይከተልሽ የነበረው ድንገት ጨለማ ጥግ ፈልጎ ከተደበቀ፣ ወይም ዓይን አፋር የነበረው በአንድ ጊዜ ሰው ላይ ሙጭጭ ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ እጅሽን ወደ አፉ አትስደጂ። «አጥንት ሰንቅሮት ይሆናል» ብለው ጉሮሮውን ሊያዩ የገቡ ሰዎች አሉ። ልጆቹን አርቂና ሐኪም ጥሪ። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰዓት አይታችሁ፣ ሳትቸኩሉ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ። ጸበሉም ዱዓውም አይቀርም፤ ነገር ግን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይመጣ የተከተበ ግን ይድናል። ሳይንቲስቱ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም ተረፈ። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ መድኃኒት እያለ ዛሬም በአገራችን ልጅ ሲሞት አንጀቴ ያራል። የነከሰውን ውሻ ደግሞ ጤነኛ ከመሰለ በንዴት አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ የተነከሰው ሰው ግን ያን ቀን ሳይጠብቅ ሕክምናውን ይጀምር።

ሳነቲ የምትወጪበትን ቀን ንገሪኝ፤ ቦቢ እኔ ዘንድ ይደር። መጀመሪያ ምግብ እንቢ ሊል ይችላልና የለበስሽውን ያልታጠበ ሹራብ አምጪለት፤ ጠረንሽ ያረጋጋዋል። እስከዚያ አስከትበሽው የክትባት ካርዱንም ይዘሽ ነይ።