በቀን አንድ ትልቅ ነገር ይበቃችኋል

ልጆቼ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሜሪላንድ ተነሥታችሁ ለንደንን ልታዩ መሆኑን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የላካችሁልኝን የጉዞ ዕቅድ አንድ በአንድ አነበብኩት። በአንዱ ቀን ብቻ ጠዋት የለንደን ግንብ፣ ቀጥሎ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ከምሳ በኋላ ዌስትሚንስተር አቢ፣ አመሻሹ ላይ የለንደን ዓይን የሚባለው ትልቁ መሽከርከሪያ፣ ማታ ደግሞ ቲያትር ተጽፏል። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት ለዚህ ነው። ጉልበቱና ገንዘቡ ቢኖራችሁ እንኳ ዓይንና ልብ የሚችሉት ልክ አለ። ዕድሜዬን በዚህች ከተማ የገፋሁ ሰው ነኝና የምመክራችሁ ዋናው ነገር አንድ ነው፦ በቀን አንድ ትልቅ ነገር ምረጡ፤ እሱን ከሥሩ እዩት፤ የቀረውን ሰዓት ለእግር፣ ለጨዋታና ለዕረፍት ተዉት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»ና መሰናዶው ከቤት ይጀምር። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ብሪታንያ ለመግባት የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ ሕፃን ልጅም ቢሆን የራሱ ያስፈልገዋል። አብራችሁ የምትመጣው እህቴ፣ እናታችሁ፣ ግን እስካሁን የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለሆነ ቪዛ ማመልከት አለባት። የአሜሪካው ግሪን ካርድ እዚህ ቪዛን አይተካም። ይህ ሳያልቅ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ። እህቴ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳ እንድትመለስ አልፈልግም።

ከዋሽንግተን የሚነሣው አብዛኛው በረራ ማታ ተነሥቶ ጠዋት ለንደን ይደርሳል። የእኛ ሰዓት ከእናንተ በ5 ሰዓት ይቀድማል፤ እዚህ ሲነጋ የእናንተ ሰውነት ገና ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለሙዚየም አትስጡት፤ ለአልጋም አትስጡት። ሻንጣችሁን አስቀምጡና ወደ ሴንት ጄምስ መናፈሻ ውጡ። በ1664 የሩሲያ አምባሳደር ለእንግሊዝ ንጉሥ ፔሊካን አበርክቶ ነበርና ዛሬም በሐይቁ ፔሊካን አለ። ልጆቻችሁ እነሱን እያዩ ይሩጡ፤ እናንተም በቀን ብርሃን ተናፈሱ። ማታ በለንደን ሰዓት ስትተኙ በማግሥቱ ሰው ሆናችሁ ትነሣላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ከሥሩ ማየት ማለት ምን እንደሆነ በለንደን ግንብ ላሳያችሁ። መካከል ላይ የቆመውን ነጩን ግንብ ያስጀመረው እንግሊዝን በ1066 የያዘው ድል አድራጊው ዊልያም ነው፤ ሥራው የተጀመረው በ1070ዎቹ ነው። ያ ቦታ ቤተ መንግሥትም፣ ወህኒ ቤትም፣ ገንዘብ የሚሠራበትም፣ ለነገሥታት በስጦታ የመጡ አራዊት የሚኖሩበትም ሆኖ አልፏል። ችኩል ቤተሰብ ዘውዶቹን አይቶ ይወጣል። እናንተ ግን በር ሲከፈት ግቡ፤ ሰልፉ ሳይረዝም የንጉሡን ዘውዶች እዩ፤ ዘውዶቹ ባሉበት ክፍል ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለሆነ ስልካችሁን ከኪስ አታውጡት። ከዚያ የግንቡ ዘበኞች የሚያስጎበኙትን ዙር ተከተሉ። እነሱ ረጅም ዘመን በውትድርና ያገለገሉ ሰዎች ናቸው፤ ታሪክ ማውራት ያውቁበታል፤ ለዙሩም ከመግቢያው ሌላ አይከፈልም። ቁራዎቹን አትለፏቸው። ቁራዎቹ ከሄዱ መንግሥቱ ይወድቃል የሚል አፈ ታሪክ ስላለ ቢያንስ 6 ቁራ ሁልጊዜ እዚያ ይኖራል። ልጆቹ ስለ ዘውዱ ከሚጠይቁት ስለ ቁራው የሚጠይቁት ይበዛል፤ ጠይቀው እስኪጠግቡ ድረስ ተዉአቸው።

ከግንቡ ስትወጡ አጠገቡ ያለውን፣ ለመርከብ የሚከፈተውን ድልድይ በእግራችሁ ተሻገሩ። ብዙ እንግዳ «የለንደን ድልድይ» ይለዋል፤ ስሙ ግን ታወር ብሪጅ ነው፤ የተከፈተውም በ1894 ነው። የለንደን ድልድይ የሚባለው ሌላ ነው፤ በ1831 የተከፈተው አሮጌው የለንደን ድልድይ ደግሞ በ1968 ለአንድ አሜሪካዊ ባለሀብት ተሽጦ ድንጋዩ እየተቆጠረ ወደ አሪዞና ተጓዘ። ዛሬ ሌክ ሃቫሱ በምትባል ከተማ ቆሞ ይገኛል። ይህን ለልጆቹ እዚያው ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ንገሯቸው፤ የቀኑ ትምህርት ይበቃቸዋል። ሌላ ሙዚየም አትጨምሩ።

ገንዘብን በተመለከተ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንባችሁ። ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ናሽናል ጋለሪ፣ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ቴት ሞደርን፣ የእነዚህ ሁሉ መደበኛ መግቢያ ነጻ ነው። ነጻ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ የከፈልንበት ነው ብላችሁ የደከመ ልጅ አትጎትቱም፤ አንድ ክፍል አይታችሁ ወጥታችሁ በማግሥቱ መመለስ ትችላላችሁ። ብሪቲሽ ሙዚየም የተመሠረተው በ1753 ነው፤ ያለው ዕቃ በአንድ ቀን አይደለም በአንድ ወር አያልቅም። እዚያ የሮዜታን ድንጋይ ብቻ ብታዩ አልከሰራችሁም። በላዩ አንድ መልእክት በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ተቀርጿል፤ ሻምፖሊዮን የተባለው ፈረንሳዊ በ1822 የጥንት ግብፅን ጽሕፈት የፈታው በእሱ ረዳትነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀ ሁ የሚማሩት ልጆቻችሁ ሁለት ፊደል ስለሚያውቁ ይህ ድንጋይ ለእነሱ የተለየ ነገር አለው።

ለመጓጓዣ ቲኬት ፍለጋ አትንከራተቱ። የምትከፍሉበትን የባንክ ካርድ በጣቢያው በር ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን የራሱ ካርድ ያስፈልጋል። ሒሳቡ በቀን ከተወሰነው ጣሪያ አያልፍም። ዕድሜያቸው ከ11 በታች የሆኑ ልጆች ከከፋይ አዋቂ ጋር በምድር ውስጥ ባቡር በነጻ ይሄዳሉ፤ ከ11 እስከ 15 ላሉት የጎብኚ ቅናሽ ስላለ የጣቢያውን ሠራተኛ ጠይቁ። አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። የምድር ውስጥ ባቡሩ በ1863 የተጀመረ፣ በዓለም የመጀመሪያው ነው፤ በዕድሜው የተነሣ ብዙ ጣቢያዎቹ ሊፍት የላቸውም። እናታችሁ ጉልበቷን ስለሚያማት ከእሷ ጋር ስትሆኑ አውቶቡስ ይሻላል። ልጆቹ ደግሞ ፎቁ ላይ ከፊት ለፊት ተቀምጠው ከተማዋን ይዩ።

«እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል»ንም አትርሱ። እዚህ መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፤ የልጆቹን እጅ ያዙ። በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በቀኝ ቆማችሁ ግራውን ለሚቸኩል ልቀቁ። ሰልፍ ማለፍ እዚህ ትልቅ ነውር ነው። በባቡር ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የአሜሪካ ልጅ ደግሞ ሲደሰት ከሩቅ ይሰማልና ቀድማችሁ ምከሯቸው። በምግብ ቤት ሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ብዙ ጊዜ ተጨምሮ ይመጣል፤ ወረቀቱን ሳታነቡ እንደ አሜሪካ ሌላ ጉርሻ አትደርቡ። ዝናቡን ሰዎች ያስፈራሯችሁ ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር በዓመት የሚዘንበው ከዋሽንግተን ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በጥቂት በጥቂቱ ሳይታሰብ ይመጣልና ቀላል ጃኬት ያዙ።

ልጆቻችሁ አሜሪካውያን ናቸው፤ የአገራቸውን ታሪክ እዚህ ያግኙት። ትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ፣ በክሬቨን ጎዳና፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከአብዮቱ በፊት ዓመታት የኖረበት ቤት እስከ ዛሬ አለ። እዚያው ናሽናል ጋለሪ ፊት ለፊት የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ቆሟል፤ የተዋጋውን መንግሥት መዲና እያየ መቆሙ ለልጅ ጥሩ ጥያቄ ይወልዳል። በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል፣ ከመንበሩ በስተኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከብሪታንያ ተነሥተው ለወደቁ ከ28,000 በላይ አሜሪካውያን መታሰቢያ የሆነ ጸሎት ቤት አለ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1964 የኖቤል የሰላም ሽልማቱን ለመቀበል ወደ ኦስሎ ሲያልፉ በዚያ ካቴድራል ሰብከዋል። አንዱን ቀን ደግሞ በቴምዝ ጀልባ ወደ ግሪኒች ሂዱ። የዓለም ሰዓት የሚቆጠርበት ዜሮ መሥመር በዚያ እንዲያልፍ የተወሰነው በ1884 በዋሽንግተን በተደረገ ጉባኤ ነው። ልጆቹ አንድ እግራቸውን በምሥራቅ፣ አንድ እግራቸውን በምዕራብ አድርገው ይቁሙ።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ለወላጆች ነው። ልጆቻችሁ የኢትዮጵያም ልጆች ናቸውና ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስን ከገጠመ በኋላ የተዘረፈው ቅርስ ብዙው እዚህ ነው። ብሪቲሽ ላይብረሪ ከመቅደላ የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ይዟል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ለዕይታ መቅረባቸውን አረጋግጡ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ 11 ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ መጥቶ በ1879 በ18 ዓመቱ አረፈ፤ አፅሙ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅጥር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። በ2023 አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ነውና ይህን ከልጆች አትደብቁ። ነገር ግን በጥላቻ አትንገሯቸው። ኢትዮጵያ በፋሺስት ስትወረር ስለ እኛ ስትጮህ የኖረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስትም የዚህችው አገር ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ያረፈችው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ልጅ ሕዝብን ከመንግሥት፣ ፍትሕን ከበቀል ለይቶ ያድጋል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ ለዚህ ጉዞ ግን ልጆቹ ያቡኩ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀን መርጦ ይምራችሁ፤ የመረጠው የዳይኖሰር አጥንት ቢሆን የእግር ኳስ ስታዲየም፣ እናንተ ተከታይ ሁኑ። ራሱ የመራውን ቀን አይረሳውም። እናታችሁንም በየቀኑ የምትቀመጥበት ቦታና ሻይ የምትጠጣበት ሰዓት አትንፈጓት።

ባልና ሚስት ሆይ፣ በእንግዳ ከተማ የቤተሰብን ሰላም የሚያደፈርሰው ረሃብ፣ ድካምና የሰዓት ሩጫ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን፣ ቲያትሩ ቢያመልጣችሁ ያምልጥ፤ መሽከርከሪያው ላይ ባትወጡ ከተማዋ አትቀየማችሁም። ይህ ዕረፍት የታሰበው አብራችሁ እንድትሆኑ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ አብራችሁ ተቀመጡና ከዝርዝሩ ግማሹን ሰርዙ። ለቀረው ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ስጡት፤ ለምን እንደመረጣችሁትም ለልጆቹ አስረዱ። እኔም ቤቴን ከፍቼ እጠብቃችኋለሁ። መንገዱን ያቅናላችሁ፤ በሰላም ያገናኘን።