የሥራ ባልደረባና ወዳጅ

በሥራ ምክንያት ለብዙ ዓመታት አብረው ባዕድ አገር ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች፣ ሥራው ካበቃ በኋላ አንዳቸው ለሌላው ምን ዕዳ አለባቸው? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በስኮትላንድ ከተለመደ አንድ ነገር ተነሥተን ነው። በዚያ አገር በበጋ ወራት፣ ብርሃኑ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በሚቆይበት ጊዜ፣ የቀድሞ ባልደረቦች ተቀጣጥረው ጎልፍ ይጫወታሉ።

ጎልፍ በሰፊ መስክ ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ የማስገባት ጨዋታ ነው። አራት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ ኳስ በመምታት የሚያልፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የቀረው አብሮ መራመድና ማውጋት ነው። ቋንቋችን መዝናኛውንም ወጉንም በአንድነት «ጨዋታ» ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጨዋታ ሥራ ያስፈታል የሚለው ጥርጣሬ ጥንታዊ ነው። የስኮትላንድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1457 ጎልፍን የከለከለው ሕዝቡን ከቀስት ልምምድ እንዳያዘናጋ በማሰብ ነበር። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ግን ሥጋ እንደሚደክም ነፍስም ትደክማለችና ጨዋታ ዕረፍቷ ነው ሲል፣ ራሱ የማይጫወትና የሌላውንም ጨዋታ የሚያደፈርስ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን አስተምሯል።

እንግዲህ ጨዋታው ራሱ አያስነቅፍም፤ ጥያቄው ከማን ጋር እንጫወታለን የሚለው ነው። ፈላስፋው አርስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፦ ስለ ጥቅም፣ ስለ ደስታና ስለ መልካምነት የሚመሠረት። የመጀመሪያው ጥቅሙ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። በባዕድ አገር አንዱ ሲታመም ሌላው ሥራውን ሸፍኖለት፣ ቋንቋ የሚያውቀው ለማያውቀው አስተርጕሞለት ይሆናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይሁንና ሥራው ያስገደደው ስለ ነበር ወዳጅነቱን ገና አላስመሰከረም። የሚመሰከረው ማንም ማንንም በማይፈልግበት ጊዜ ነው። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» እንደሚባለው፣ አርስቶትልም ረጅም መለያየት ወዳጅነትን እንደሚያስረሳ ጽፏል። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ተገናኝቶ የጥንቱን ጉዞ ማውሳት ከንቱ አይደለም።

ነገር ግን የጎልፍ ሜዳ የንግድ ውል የሚደራጅበትም ቦታ ነው። አሁንም ሥልጣን ያለው ብቻ ተጠርቶ፣ ጡረታ የወጣው ወይም ጕልበቱ የደከመው ከቀረ፣ ግብዣው የወዳጅነት መልክ ያለው ንግድ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ጨዋታው ራሱ ያስተምረናል። ሀንዲካፕ በሚባለው ደንብ መሠረት፣ በችሎታ ከሚያንሰው ተጫዋች የምት ድምር ላይ ብዙ፣ ከብርቱው ላይ ጥቂት ይቀነሳል። ኳሱን 95 ጊዜ የመታው ሰው 20 ቢቀነስለት ድምሩ 75 ይሆናል፤ 82 ጊዜ የመታው 5 ቢቀነስለት 77 ይሆናል። ጥቂት ምት የሚያሸንፍ በመሆኑም ደካማው ይረታል። ይህን ማንም እንደ ምጽዋት አይቈጥረውም፤ አብሮ ለመጫወት የተሠራ ሥርዓት ነውና።

ወዳጅነትም እንዲሁ የሰውን ድካም ቈጥሮ ቦታ የሚሰጥ ሥርዓት ያሻዋል። ጎልፍ ተጫወትንም አልተጫወትን፣ ከእኛ ጋር ደክመው ዛሬ ምንም የማይጠቅሙን ሰዎች አሉ። ስማቸውን እናስባቸው፤ አስበንም እንጥራቸው።