ፍጻሜውን የማይናገር ግሥ

ፈረንሳይኛ ስላለፈ ነገር የሚናገርባቸው የግሥ ጊዜያት በርካታ ናቸው። ከመካከላቸው ኤምፓርፌ የሚባለውን ያህል አመሠራረቱ የቀለለ የለም። የአሁን ጊዜው የ«እኛ» መደብ ይወሰዳል፣ መድረሻው ተቆርጦ ሌላ ይቀጠልበታል፤ በቃ። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጥ አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ እርሱም የመሆን ግሥ፣ «ኤትር»። ከስድስቱ መደቦች የአራቱ መድረሻ፣ አጻጻፉ ሁሉ አንድ ባይሆንም፣ በአፍ ሲነገር አንድ ድምፅ ነው። አገባቡን ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፈረንሳይኛን ለዓመታት ሲናገሩ የኖሩ የውጭ አገር ሰዎችም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ለመሥራት ይህን ያህል የቀለለ፣ ለመጠቀም ይህን ያህል የረቀቀ ነገር ሳገኝ ቆም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ።

የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ሕግ፣ ረጅም ድርጊት በኤምፓርፌ፣ አጭር ድርጊት ፓሴ ኮምፖዜ በሚባለው በሌላው ያለፈ ጊዜ ይነገራል የሚል ነው። ለጀማሪ መንደርደሪያ ይሆን እንደሆነ እንጂ እውነት አይደለም። ሉዊ 14ኛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1643 እስከ 1715 ነገሠ፤ 72 ዓመት መሆኑ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ይህን ሲያሰፍር ኤምፓርፌን አይመርጥም። ዘመኑ ተቆጥሯል፣ ከዳር እስከ ዳር ታይቷል፤ ስለዚህ ፓሴ ሴምፕል የሚባለው የመጽሐፍ ያለፈ ጊዜ ወይም ፓሴ ኮምፖዜ ይገባዋል። ባቡር ከጣቢያው የሚነቃነቅባት ቅጽበት ግን፣ ጸሐፊው ከፈለገ፣ በኤምፓርፌ ልትነገር ትችላለች። ነገሩ የሰዓት ርዝመት አይደለም፤ ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው።

አንድ ሰው «ኢል ኣ ፕሉ» ካለ፣ ዘንቧል ማለቱ ነው፤ ዝናቡ መጀመሪያም መጨረሻም አለው፣ ተናጋሪውም ከውጭ ሆኖ ሙሉውን ያየዋል። «ኢል ፕለቬ» ካለ ግን ይዘንብ ነበር፤ እኛም ዝናቡ ውስጥ ነን። መቼ እንደ ጀመረ አልተነገረንም፣ ማባራቱንም አናውቅም። ይህን ብሎ ዝም ያለ ሰው ነገሩን አልጨረሰም፤ ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይጠብቃል። ኤምፓርፌ ማለፉን የምናውቀውን ነገር ገና እየሆነ ሳለ ያሳየናል። ሰው ስለ ሕይወቱ የሚያስታውሰው አብዛኛው ነገር እንዲህ ያለ ይመስለኛል። የልጅነታችን ዘመን በየትኛው ቀን እንዳበቃ ማናችን እናውቃለን?

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ጉስታቭ ፍሎቤር ነው። በ1869 ባሳተመው «ሌዱካሲዮን ሳንቲማንታል» በተባለው ልቦለዱ፣ ሰዎቹ የሚያደርጉትና የሚያዩት፣ ጎዳናውና የቤቱ ዕቃ ሳይቀር፣ ገጽ ከገጽ እየተያያዘ በኤምፓርፌ ይፈስሳል። ማርሴል ፕሩስት በ1920 «ላ ኑቬል ረቪዩ ፍራንሴዝ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ፍሎቤር በግሥ ጊዜያትና በጥቃቅን ቃላት አጠቃቀሙ ዓለምን የምናይበትን ዓይን ከሞላ ጎደል የፈላስፋውን የካንትን ያህል አድሶታል እስከ ማለት ደርሷል። የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ልቦለዱን በዝግታ ላነበበ ግን አይመስልም። ከ1851ዱ መፈንቅለ መንግሥት ማግስት የልቦለዱ ዋና ባለታሪክ ፍሬዴሪክ ሞሮ ወዳጁ ዱሳርዲዬ ፓሪስ ጎዳና ላይ ሲገደል ያያል፤ ገዳዩንም ይለየዋል። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ቀጣዩ ምዕራፍ በፓሴ ሴምፕል በተጻፉ እጅግ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጉዞውን፣ መመለሱን፣ ሌሎች ፍቅሮቹን ይነግረንና 1867 ላይ ያወርደናል። አንዲት ከሰዓት በኋላ ብዙ ገጽ በምትወስድበት መጽሐፍ 16 ዓመት በአንድ ትንፋሽ አለፈ። ፕሩስት ከመጽሐፉ ሁሉ ያማረው በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው ብሏል። እኔ ግን የበለጠ የምወደው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ የፍሬዴሪክ ልብ መደንዘዙን ሲናገር ፍሎቤር ወደ ኤምፓርፌ ይመለሳል። ዓመታቱ አልፈዋል፣ መደንዘዙ ግን አላለፈም።

ይኸው የግሥ ጊዜ ደራሲውን ከዚያ ቀደም ብሎ ፍርድ ቤት ተከትሎት ገብቷል ቢባል አያስኬድም አይባልም። በ1857 «ማዳም ቦቫሪ» የተባለው ልቦለዱ የሕዝብን ሥነ ምግባርና ሃይማኖትን ይነካል ተብሎ ሲከሰስ፣ ዐቃቤ ሕጉ ኤርኔስት ፒናር ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ በመጽሐፉ ውስጥ ዋና ባለታሪኳን ኤማን የሚኮንን አንድም ሰው አለመኖሩ ነበር። የኤማ ሐሳብ በብዙ ቦታ «አሰበች» ሳይባል በኤምፓርፌ ስለሚተረክ፣ የእርሷ አሳብ የት አልቆ የደራሲው ቃል የት እንደሚጀምር ድንበሩ አይታይም። ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 7 ቀን ፍሎቤርን በነጻ አሰናበተ።

ፓሴ ሴምፕል ከዕለት ተዕለት ንግግር ወጥቶ የመጽሐፍ ብቻ ከሆነ ቆይቷል። አልቤር ካሙ በ1942 «ሌትራንዤ»ን ሲያወጣ ትረካውን በአመዛኙ በፓሴ ኮምፖዜ መጻፉም ብዙ አነጋግሯል። ኤምፓርፌ ግን ከአፍም ከመጽሐፍም አልወጣም።

ይበልጥ የሚደንቀኝ ያለፈ ባልሆነ ነገር ላይም መግባቱ ነው። ፈረንሳዊ ከማያውቀው ሰው አንድ ነገር ሲለምን «ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» በሚል መልክ ይጀምራል፤ ፍላጎቱ ግን የአሁን ነው። «ሀብታም ብሆን» ሲል «ሲ» ከምትለው ቃል ቀጥሎ የሚያስገባው ኤምፓርፌን ነው። «አንድ ደቂቃ ቢጨመር ባቡሩ ከሐዲዱ ይወጣ ነበር» ይላል፤ ባቡሩ ግን አልወጣም። ሕፃናት ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ «አንተ ሐኪም ነበርክ፣ እኔ ደግሞ ታምሜ ነበር» እየተባባሉ ድርሻቸውን የሚከፋፈሉትም በዚሁ ነው። ትዝታ፣ ትሕትና፣ ምኞት፣ ለጥቂት የቀረ አደጋ፣ የልጆች ጨዋታ፤ እነዚህን ሁሉ ምን አገናኛቸው? ሁሉም ከዚህ ቦታና ከዚህ ሰዓት ራቅ ይላሉ። ያለፈ መሆን ከርቀት ዓይነቶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። እኛም ትልቅ ሰው ፊት ስንቀርብ «ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር» እንላለን፤ «ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር» እንላለን፤ ያልወደቀውን ሰው «ሊወድቅ ነበር» እንለዋለን። በእንግሊዝኛ ሰዋስው በኩል ዞሮ ወደ ፈረንሳይኛ ከመሄድ፣ ከገዛ ቋንቋ መነሣት መንገዱን ያሳጥራል ብዬ አምናለሁ።

በሊሴ ገብረ ማርያምም ሆነ በሌላ ቦታ ፈረንሳይኛ የምታስተምሩ፣ ተማሪውን «ድርጊቱ ምን ያህል ቆየ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «አንተ የምታየው ከውስጥ ሆነህ ነው ከውጭ?» በሉት። ከዚያ የፍሎቤርን አንድ ገጽ ስጡት፣ እያንዳንዱን ኤምፓርፌ በፓሴ ኮምፖዜ እየለወጠ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ከገጹ ምን እንደ ጎደለ እርሱ ራሱ ይንገራችሁ።